በአሜሪካ ለአረጋውያን የሚሰጥ የምግብ ድጋፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆቻቸውን አሜሪካ አምጥተው ቀን ሥራ የሚውሉ ልጆችም፣ አረጋውያኑም ራሳቸው ደጋግመው የሚጠይቁት ይህ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራሙ ምንድን ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

ኦልደር አሜሪካንስ አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። የወጣው በ1965 ነው። በ1972 የምግብ ፕሮግራም ተጨመረበት። በየሰፈሩ ሲኒየር ሴንተር (የአረጋውያን መዋያ ማዕከል) የሚቀርበው ምሳ፣ ብዙ ሰው "ሚልስ ኦን ዊልስ" እያለ የሚጠራው ቤት ድረስ የሚመጣ ምግብም በዚህ ሕግ በኩል ገንዘብ ያገኛል። ክፍለ ግዛቱ፣ ካውንቲውና በጎ አድራጊዎች ደግሞ ይጨምሩበታል።

አንዱ ምሳ አንድ አረጋዊ በቀን ከሚያስፈልገው ንጥረ ምግብ ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን መያዝ አለበት። ሕጉ ዓላማውን ሲዘረዝር ረሃብን መቀነስ ብሎ አያቆምም። አረጋውያን ከሰው ጋር እንዲውሉም ይላል። "እንብላ" ሳይባባሉ መብላት ለማይሆንላቸው ለእኛ ሰዎች ይህ ሁለተኛው ዓላማ ከመጀመሪያው አያንስም።

ማን ነው መጠቀም የሚችለው? ዜግነት ያስፈልጋል?

60 ዓመት የሞላው ሁሉ። ብዙ ሰው ሜዲኬር ከሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ጋር እያምታታ 65 እስኪሞላ ይጠብቃል። መጠበቅ አያስፈልግም። ባል ወይም ሚስት 60 ካለፉ፣ የትዳር ጓደኛቸው ዕድሜ ምንም ይሁን ምን አብሮ መብላት ይችላል።

መስፈርቱ ዕድሜ ነው። ዜጋ መሆን አይጠበቅም፤ በግሪን ካርድ ያሉ ወላጆች ይስተናገዳሉ። አሜሪካ ሠርቶ ታክስ የከፈሉበት ዘመንም አይቆጠርም። ትናንት የመጡ እናትም ነገ ምሳ ሊቀርብላቸው ይችላል።

ነጻ ነው? ታዲያ በየወሩ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ምንድን ነው?

ገቢን የሚያሳይ ማስረጃ አይጠየቅም። ክፍያም የለም። ያለው በፈቃድ የሚሰጥ መዋጮ ነው። በማዕከሎቹ መግቢያ ላይ ሣጥን ይቀመጣል። የፈለገ ይከታል፣ ያልፈለገ አልፎ ይገባል።

ችግሩ ያለው ቤት በሚመጣው ደብዳቤ ነው። የቀረቡት ምግቦች ቁጥር፣ አጠገቡ የዶላር መጠን፣ ከሥር መመለሻ ፖስታ። አይቶ ቢል ነው የማይል የለም። "ዕዳ ሳይከምርብኝ" ብለው ምግቡን ያስቆሙ አረጋውያን አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝናል። በደብዳቤው ላይ "ሰጀስትድ ኮንትሪቢውሽን" የሚል ካለ የመዋጮ ጥያቄ ነው። መስጠት አልቻልኩም ብሎ ምግብ የሚቋረጥበት ሰው የለም፤ ሕጉ ይከለክላል። አቅሙ ያለው ቢሰጥ ግን ጥሩ ነው። ገንዘቡ ተመልሶ ለሌሎች ምግብ ይውላል።

የት ልደውል? እንግሊዝኛስ ለማይችል?

በየአካባቢው "ኤሪያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ" የሚባል የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ አለ። የእርስዎ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ኤልደርኬር ሎኬተር የተባለውን አገር አቀፍ መስመር በ1-800-677-1116 መደወል ነው። በብዙ ቦታ 211 ቢደውሉም ያገናኛሉ። ዚፕ ኮድዎን ያዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ስልኩ ሲነሳ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" ማለት በቂ ነው። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ አስተርጓሚ እስኪገባ ጥቂት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። አያፍሩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ቋንቋ ለማይችል ሰው አገልግሎቱን ተደራሽ እንዲያደርግ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ይሆናል። ዋሺንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ማዕከል ሄዶ መብላት ይሻላል ወይስ ቤት ድረስ ማስመጣት?

መሄድ የሚችል ይሂድ። ይህ የእኔ አቋም ነው። ምግቡ ያው ምግብ ነው፤ ግን ማዕከል የሄደ ሰው ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ይወጣል። ሰው ያገኛል። ብዙ ማዕከል የደም ግፊት ልኬት፣ ቀላል ስፖርት፣ የእንግሊዝኛ ትምህርትም አለው። መኪና ለሌለው ትራንስፖርት የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው። ሲመዘገቡ ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ላይነግሩዎ ይችላሉ።

ቤት ድረስ የሚመጣው በሕመም፣ በአካል ጉዳት ወይም ከሰው በመገለል ምክንያት ከቤት መውጣት ለማይችሉ ነው። ለዚህ ግምገማ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን አንድ ምግብ ይመጣል። አንዳንድ ቦታ ለሳምንቱ የሚሆን የቀዘቀዘ ምግብ በአንድ ጊዜ ያደርሳሉ። የሚያደርሰው ሰው ሌላም ሥራ አለው። በሩን አንኳኩቶ መልስ ካጣ ለቢሮው ያሳውቃል፣ ቢሮው ለቤተሰብ ይደውላል። ወድቀው ተነሥተው መቆም ያቃታቸው አረጋውያን በዚህ መንገድ ተደርሶላቸው ያውቃል። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሚሞሉት የአደጋ ጊዜ ስልክ በሥራ ሰዓት የሚነሳ መሆን አለበት።

እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ልጅ እያላት ይሰጧታል?

ሊሰጧት ይችላሉ። ማዕከል ሄዶ ለመብላት ከማን ጋር መኖሯ ለውጥ የለውም። ለቤት ምግብ ግን ገምጋሚው የሚያየው ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ከሆነ፣ ምድጃ መለኮስ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ፍሪጅ ሙሉ ቢሆንም ምሳ የለም ማለት ነው። ይህንኑ እንዳለ መናገር ነው።

አንዳንድ ልጆች "እኛ እያለን እንዴት በመንግሥት ምግብ?" ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን እናት ቀኑን ሙሉ ዳቦ በሻይ ብላ ማታ ከልጆቿ ጋር ብትበላ ማንም አልተከበረም።

ሊገመግሙ መጥተው ነበር፤ አባቴ "ደህና ነኝ" ብሎ ሳይፈቀድለት ቀረ። ምን ይሻላል?

ይህ በእኛ ሰው ላይ ደጋግሞ ይደርሳል። ሴትየዋ ፎርሟን ይዛ ትቀመጣለች። "ራስዎ ያበስላሉ?" ስትል አባት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ" ይላሉ። "ገበያስ?" "እሄዳለሁ እንጂ!" መጨረሻ ገበያ የሄዱት ለፋሲካ በልጃቸው መኪና ነው። ከመኪናውም አልወረዱም። በዚያ ላይ ሻይ ቀርቧል፣ ጋቢያቸውን አስተካክለዋል፣ እንግዳ እንዳይከፋት ፈገግ ብለዋል። ባዕድ ፊት ችግርን መዘርዘር ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። እሷ ግን የምትጽፈው የሰማችውን ነው። ወረቀቱ ላይ "እርዳታ አያስፈልጋቸውም" ይሰፍራል።

መፍትሔው መዋሸት አይደለም። እውነቱ በቂ ነው፣ የሚናገረው ሰው ነው የጠፋው። ከቀጠሮው በፊት ቁጭ ብለው ያስረዷቸው፦ "አባዬ፣ ይህቺ ሴት ሐኪም እንደምትጠይቅህ ነው የምትጠይቅህ። ይሉኝታ ይዞህ ብትደብቅ ለሷም አይጠቅማት።" በዕለቱ እርስዎ ወይም ሌላ የቅርብ ሰው ይገኝ። ከተቻለ አስተርጓሚው ሌላ ሰው ይሁን፤ ልጅ ሲተረጉም አባት የሚያፍርበትን ነገር ይዘለላል። የሚጠየቀውም የታወቀ ነው፦ ገበያ መውጣት፣ ማብሰል፣ ደረጃ መውጣት፣ መታጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ። ገምጋሚዋ "ይችላሉ?" ብላ ካለፈች "ትናንት ምሳ ምን በላህ?" ብለው እዚያው ይጠይቋቸው። መልሱ ብዙ ነገር ያወጣል።

ያለፈው ግምገማ ከተበላሸ ደውለው እንደገና እንዲደረግ ይጠይቁ። ሁኔታው ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ሆስፒታል ገብተው ከወጡ፣ ያንን መጥቀስ ይጠቅማል።

ምግቡ የፈረንጅ ነው፤ አምጥተው አይበሉትም። ይጣላል። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ይናገሩ። ሕጉ ምግቡ በተቻለ መጠን ከጤና፣ ከሃይማኖትና ከባህል ፍላጎት ጋር እንዲስማማ ይላል። "በተቻለ መጠን" የምትለዋ ቃል ቀዳዳ ናት፤ ጠያቂ ከሌለ ማንም አይጨነቅም። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅና በአንድ ሕንጻ ያሉ አሥር አረጋውያን ፈርመው ሲጠይቁ መልሱ አንድ አይሆንም። በአካባቢዎ ኢትዮጵያዊ ምግብ የሚያቀርብ ማዕከል ወይም ከሬስቶራንት ጋር የተዋዋለ ፕሮግራም ካለም ይጠይቁ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ብልሃት አለ። የተቀቀለውን ዶሮ በሽንኩርትና በትንሽ በርበሬ ደግሞ ማቁላላት፣ ጥቅል ጎመኑን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ማንሳት፣ ሩዙን ትቶ በእንጀራ ማቅረብ። በርበሬው ጨው የተደባለቀበት ከሆነ ግን ሌላ ጨው አይጨመር።

ጾም ላይስ?

ለኦርቶዶክስ አረጋውያን ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት ሲደመር የምእመኑ ጾም በዓመት 180 ቀን ያህል ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። "ቬጀቴሪያን" ብለው ካስመዘገቡ አይብና እንቁላል ይመጣል። "ቪጋን" ነው ማለት ያለብዎ። የጾሙን ቀናት በፈረንጅ ካሌንደር ጽፈው አስቀድመው ይስጧቸው። ቢሮው ውስጥ ማንም ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ አያውቅም፤ ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። ትኩሱ ምሳ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ እናት የሚበሉት ከዘጠኝ በኋላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተሸፍኖ ይቆያል። ይህ አደጋ አለው። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የአረጋዊ ሆድ የተበላሸ ምግብን እንደ ወጣት አይቋቋምም። እንደደረሰ ፍሪጅ ይግባ፣ ሲበላ መሃሉ ድረስ በደንብ ይሙቅ። ወይም ከመነሻው የቀዘቀዘውን ዓይነት ይጠይቁ። በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊም ወላጆችም ይኸው ይሠራል፤ ሐላል መሆኑን አብሮ ማስመዝገብ ነው።

ሦስተኛው የምግቡ ይዘት ነው። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ስለዚህ ፕሮቲን የሚያስፈልገው ከወጣት ያላነሰ፣ እንዲያውም የበለጠ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ የለውዝ ቅቤ በጾም ቀን ሳህኑ ላይ መታየት አለባቸው። ቲማቲምና ድንች ብቻ በልቶ መዋል ጾም ሊባል ይችላል፣ ምሳ ግን አይደለም። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ በተለይ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ በደም ምርመራ እንዲታይላቸው ሐኪሙን ይጠይቁ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ወይም በጣም የደከሙ ከሆነ ሐኪሙም የንስሐ አባታቸውም ይማከሩ። የታመመ ሰው ከጾም ሊፈቀድለት ይችላል፤ ብዙ እናቶች ግን ከልጅ ቢሰሙት አይቀበሉም፣ ከካህን ሲሰሙት ይቀበላሉ።

ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ምግቡ ይስማማል?

ሲመዘገቡ ካስታወቁ ብዙ ፕሮግራሞች ስኳርና ጨው የቀነሰ አማራጭ አላቸው። ስኳር ላለባቸው ቤት የሚበላውም ይታይ። ምሳው ሩዝ ይዞ መጥቶ ሁለት እንጀራ ከተጨመረበት ትርጉም የለውም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ደግሞ ጎመንን ባንዴ ማብዛትም ባንዴ መተውም የለባቸውም፤ በየሳምንቱ ተመጣጣኝ ይሁን።

ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ሐኪም ካዘዘ የሜዲኬር ፓርት ቢ ከአመጋገብ ባለሙያ ጋር የሚደረግ ምክክርን ይሸፍናል። ይህን የሚጠቀም ሰው ከእኛ ጥቂት ነው።

አባቴ ቀጥኗል። እርጅና ነው አይደል?

አይደለም፤ እርጅና ብቻውን ሰው አያከሳም። ሳይፈልጉ በስድስት ወር 10 ፓውንድ መቀነስ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። ሚዛን ባይኖርም ይታወቃል። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል፣ ቀለበቱ ጣት ላይ ይዞራል፣ ሰው ሠራሹ ጥርስ ሲያወሩ ይንቀሳቀሳል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተራ ነው። የጥርስ ሕመም፣ ብቸኝነት፣ አፍ የሚያመርር መድኃኒት፣ ሐዘን። የምግብ ፕሮግራሞቹ ሲመዘግቡ ከሚጠይቋቸው መካከል አብዛኛውን ጊዜ ብቻዎን ነው የሚበሉት፣ በቀን ከሁለት ጊዜ ያነሰ ይበላሉ፣ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ይወስዳሉ የሚሉት አሉ። እነዚህን እርስዎም ቤት ውስጥ ቢጠይቁ አይከፋም። ውሃም አይረሳ። በዕድሜ ጥማት ይቀንሳል፤ "አልጠማኝም" ማለት ውሃ አላስፈለገም ማለት አይደለም።

ተራ ጠብቁ ተባልን። እስከዚያ ምን አለ?

በብዙ ከተማ የቤት ምግብ ወረፋ አለው። ወረፋው ግን በመጡበት ቅደም ተከተል ብቻ አይሄድም። ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው በኢኮኖሚና በማኅበራዊ ኑሮ ይበልጥ ለተቸገሩ ሲሆን የቋንቋ ችግርና ከሰው መገለል እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። ስለዚህ "እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ቀን ብቻቸውን ናቸው" የሚለውን ፋይሉ ላይ ያስጽፉ።

እስከዚያ 60 ዓመት ያለፋቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ በወር አንድ ካርቶን ደረቅና የታሸገ ምግብ የሚያገኙበት ሲኤስኤፍፒ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ በአካባቢው ፉድ ባንክ በኩል ይጠየቃል። በበጋ ከገበሬዎች ገበያ አትክልት የሚገዛበት ኩፖንም አለ። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸውና ከባድ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ በብዙ ክፍለ ግዛት በሜዲኬይድ በኩል የቤት ምግብ ወይም ምሳ የሚያበላ አደልት ዴይ ኬር (አረጋውያን ቀን የሚውሉበት የእንክብካቤ ቦታ) ማግኘት ይችላሉ። መደበኛው ሜዲኬር የቤት ምግብ አይሸፍንም። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጡ አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖች ግን ከሆስፒታል ሲወጡ ለጥቂት ጊዜ ይሰጣሉ።

ፉድ ስታምፕስ? ኢሚግሬሽን ላይ ችግር ያመጣል?

ፉድ ስታምፕ፣ አሁን ስናፕ የሚባለው፣ ከምሳው ፕሮግራም የተለየ ነው። ገቢ ይታያል፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታም ይታያል። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ያመጣው ስፖንሰር ገቢም ሊቆጠርበት ይችላል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በስደተኝነት (ሪፊውጂ ሆነው) የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከስናፕ እንዲወጡ አድርጓል። ከዚያ በፊት የሰሙት መረጃ ስለማይሠራ እንደገና ይጠይቁ። የሚያመለክቱ ከሆነ ከኪስ የከፈሉትን የሕክምና ደረሰኝ ያስቀምጡ። 60 ዓመት ለሞላው ሰው በወር ከ35 ዶላር በላይ የሆነው የሕክምና ወጪ ከገቢ ላይ ይቀነሳል።

ፍርሃቱ "ፐብሊክ ቻርጅ" ከሚባለው ነው፤ ይህም በመንግሥት እርዳታ ላይ ጥገኛ ይሆናል ተብሎ ግሪን ካርድ የሚከለከልበት መመዘኛ ነው። በ2022 የወጣው ደንብ የምግብ እርዳታን አይቆጥርም። ደንቡ ግን ከአስተዳደር አስተዳደር ይለዋወጣል። ስለዚህ የግሪን ካርድ ማመልከቻ በመጠባበቅ ላይ ያለ ሰው ስናፕ ከመጀመሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ፤ ጎረቤትን አይደለም። ግሪን ካርድ ይዞ ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ግን በፐብሊክ ቻርጅ አይመዘንም።

ቤተ ክርስቲያናችን ወይም ማኅበራችን ራሱ ምሳ ማብላት ይችላል?

ይችላል፣ ቢበዛም ደስ ይለኛል። አዳራሽ አለን፣ ወጥ የሚሠሩ እናቶች አሉን፣ የሚበሉት አረጋውያንም እዚያው ናቸው። የጎደለው ወረቀቱ ነው። መጀመሪያ የአካባቢውን ኤሪያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ ማነጋገር ነው። አጋር ድርጅት የሚመርጡበት ጊዜና ሂደት አላቸው።

የሚጠብቁት ነገር ግልጽ ነው። ኩሽናው በጤና ቢሮ የተመረመረ መሆን አለበት። ካልሆነ ፈቃድ ካለው ሬስቶራንት ምግቡን ማስመጣት ይቻላል። የምግብ ዝርዝሩን የአመጋገብ ባለሙያ አይቶ የቀኑ ንጥረ ምግብ አንድ ሦስተኛ መሟላቱን ያረጋግጣል፤ ምስር ወጥ፣ ጎመንና እንጀራ ከፍራፍሬ ጋር በቀላሉ ይስማማል፣ የሚያስቸግረው ጨውና ዘይቱ ነው። የተመጋቢ ስም በየቀኑ ይመዘገባል። 60 ዓመት የሞላው ማንም ሰው፣ የሌላ እምነት ተከታይም ቢሆን፣ መግባት መቻል አለበት። በሰንበቴ የለመድነው "የኛ ሰው" የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም፤ ይህን መሥራቾቹ ከመፈረማቸው በፊት ተነጋግረው መስማማት አለባቸው። ይህ ሁሉ ከከበደ ነባር ማዕከል ጋር ተነጋግሮ በሳምንት አንድ ቀን የኢትዮጵያ ምሳ እንዲቀርብ ማድረግ፣ አማርኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኛም መመደብ ይቻላል። ብዙ ቦታ መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል።